ከላይ ላብ፣ ከታች ጋቢ፦ አንድ ኤሲ ሦስት ፎቅ እኩል አላቀዘቅዝ ሲል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቤታችን ከነቤዝመንቱ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ ነው፤ የተሠራው በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ኤሲው አንድ ነው። ቴርሞስታቱ መሃለኛው ፎቅ ላይ፣ ከኪችኑ መግቢያ አጠገብ ነው፤ 74 ፋራናይት ላይ እናደርገዋለን። መሃሉ ደህና ነው። ላይ ያሉት መኝታ ክፍሎች ግን ማታ 81 እና 82 ይደርሳሉ፣ ልጆቹ እንቅልፍ አጥተዋል። ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ደግሞ ቤዝመንት ነው የምትተኛው፤ በጁላይ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። አንድ ቴክኒሻን መጥቶ “ጋዝ ጎድሎታል” ብሎ ሞላልን፣ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ካምፓኒ ደግሞ “ማሽኑ አንሷችኋል፣ 2.5 ቶኑን አውጥተን 3.5 እናስገባ” አለን፤ ቶን የሚሉት የማቀዝቀዝ አቅሙን ነው። ዋጋውን ስንሰማ ክው አልን። ምን ይሻለናል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። ማሽን አትቀይሩ። ቢያንስ ከዚህ በታች ያለውን ሳትሞክሩ አትቀይሩ።

እንዲህ በድፍረት የምናገረው አንቺው ከጻፍሽው ተነስቼ ነው። መሃለኛው ፎቅ 74 ስትሉት 74 ይሆናል። ቤዝመንቱ ሰው ጋቢ እስኪደርብ ድረስ ይቀዘቅዛል። አቅም ያነሰው ማሽን እንዲህ አያደርግም። አቅም ያነሰው ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይሠራና ከሰዓት በኋላ መሃለኛውን ፎቅ እንኳ 74 ማድረስ ያቅተዋል። የእናንተው ግን ያደርሳል፤ አልፎ ተርፎም እናትሽን ያንዘፈዝፋቸዋል። ላይ የጎደለው ቅዝቃዜ ታች ተርፎ ተቀምጧል። ሥራው እሱን ወደ ላይ ማድረስ ነው።

የጋዙንም ነገር እዚሁ ልቋጨው። ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ጎድሎ ከተገኘ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ የሚያፈስበትን ሳይፈልጉ መሙላት ገንዘብ መበተን ነው። ደግሞም ጋዝ ሲጎድል አንድ ፎቅ ለይቶ አይሞቅም። ሁሉም ክፍል የሚቀዘቅዘው በአንዱ ኮይል (አየሩን በሚያቀዘቅዘው የማሽኑ ክፍል) ስለሆነ ቤቱ በሙሉ ይደክማል። የእናንተ ቤት ምልክት ይሄ አይደለም።

ለምን እንዲህ ይሆናል?

ማሽኑን የሚያዘው አንድ ቴርሞስታት ነው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው የተሰቀለበትን ቦታ ብቻ ነው። እዚያ 74 ሲሆን ማሽኑን ያጠፋዋል። ላይ ያለው ክፍል 80 ይሁን 85 ጉዳዩ አይደለም።

ላይኛው ፎቅ ከሁሉም የበለጠ ሙቀት ይቀበላል። ከጣሪያው ሥር ያለው አቲክ በጁላይ ከሰዓት 120፣ 130 ዲግሪ ፋራናይት መድረሱ የተለመደ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት በኮርኒሱ በኩል ቀስ እያለ ወደ መኝታ ክፍሉ ይወርዳል። ቤዝመንቱ ደግሞ በከፊል አፈር ውስጥ ነው። አፈሩ በሰመርም ቀዝቃዛ ስለሆነ ቤዝመንት ከኤሲ የሚፈልገው ትንሽ ነው።

አሁን ማሽኑ የት እንዳለ አስቡ። እንደ አብዛኛው የዚያ ዘመን ታውንሃውስ ከሆነ ፈርነሱ (የቤቱ ማሞቂያ)፣ ኮይሉና አየሩን የሚገፋው ብሎወር ያሉት ቤዝመንት ነው። ትንሽ የሚበቃው ፎቅ ማሽኑ አጠገብ ነው። ብዙ የሚፈልገው ደግሞ ሁለት ፎቅ ወደ ላይ፣ በግድግዳ ውስጥ ታጥፎ ታጥፎ የሚደረስበት ጫፍ ላይ ነው። አየር ደግሞ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው።

ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። እነዚሁ ዳክቶች፣ ማለትም አየሩን ወደየክፍሉ የሚያደርሱት ቱቦዎች፣ በክረምት ሙቀት የሚያመጡት ናቸው። በዲሴምበር ብዙ አየር የሚያስፈልገው ታች ነው፣ ላይኛው ፎቅ ትንሽ ይበቃዋል። በጁላይ ይገለበጣል። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ማንም ዳክቱን ነክቶት ካላወቀ፣ ዓመቱን ሙሉ በክረምቱ አከፋፈል እየኖራችሁ ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ሁሉም ክፍል እኩል 74 ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። በሙያው ተቀባይነት ያለው፣ በማቀዝቀዣ ወቅት አንድ ክፍል ቴርሞስታቱ ካለበት ቦታ በ3 ዲግሪ ቢለያይ ነው። 77 ላይ ካደረስናችሁ አሸንፈናል። አሁን ያላችሁት የ7 እና የ8 ዲግሪ ልዩነት ግን ይስተካከላል።

መጀመሪያ ለኩ

የሚያስፈልጋችሁ ስጋ ውስጥ የሚሰካ የኪችን ቴርሞሜትር፣ ትልቅ የቆሻሻ ላስቲክ፣ የሽቦ ማንጠልጠያ እና ዕጣን ነው። የሚለካው ሞቅ ባለ ቀን፣ ወደ ማታ፣ ኤሲው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ነው።

ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ ሪተርኑ ጋ ያዙት። ሪተርን ማለት አየር ወደ ማሽኑ ተመልሶ የሚገባበት ትልቁ ፍርግርግ ነው። ከዚያ ለማሽኑ ቅርብ የሆነው ቬንት (ቀዝቃዛው አየር ወደ ክፍል የሚወጣበት ቀዳዳ) ውስጥ ሰክታችሁ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። የሁለቱ ልዩነት ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ለምሳሌ ሪተርኑ ጋ 75፣ ቬንቱ ላይ 57 ቢል በጣም ጥሩ ነው፤ የጋዙንም የማሽኑንም ጉዳይ ዝጉት። ቀጥላችሁ ላይ ባሉት መኝታ ክፍሎች ቬንቶች ውስጥ ሰኩት። ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ቢል ችግር የለውም። ታች 57 ሆኖ ላይ 65 ካለ ግን አየሩ በመንገድ ላይ እየሞቀ ነው።

ከዚያ የአየሩን ብዛት ለኩ። 33 ጋሎን የሚይዘውን ላስቲክ ውሰዱ። ማንጠልጠያውን ቬንቱን በሚሸፍን መጠን አራት ማዕዘን አድርጋችሁ አጥፉት፣ የላስቲኩን አፍ በቴፕ እሱ ላይ ለጥፉት። ላስቲኩን ጨፍልቃችሁ አየሩን አስወጡ። ቬንቱ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ ግጠሙትና በስልካችሁ ሰከንድ ያዙ። በ3 ሰከንድ ጢም ካለ በደቂቃ ወደ 90 ኪዩቢክ ጫማ አየር እየመጣ ነው። 9 ሰከንድ ከፈጀ 30 አካባቢ ነው። ለመካከለኛ መኝታ ክፍል 100 ገደማ ቢመጣ ደስ ይላል። ቁጥሩ ግምት ነው፣ ንጽጽሩ ግን አይዋሽም። ሁሉንም ቬንት ለክታችሁ በወረቀት ጻፉት። ቤዝመንት በ2 ሰከንድ የሞላ ላስቲክ ላይ 8 ሰከንድ ከፈጀበት፣ ችግሩን በእጃችሁ ይዛችሁታል።

የሙቀቱንም ሰዓት ልብ በሉ። ክፍሉ ጠዋት ደህና ሆኖ ከ5 ፒኤም እስከ 9 ፒኤም ድረስ የሚብስ ከሆነ ጣሪያውንና በምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት ጠርጥሩ። ልጆቹ በር ዘግተው ሲተኙ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የሪተርን ነው።

እንግዲህ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ትንሽ ከሆነ የአከፋፈል ችግር ነው። አየሩ ራሱ ሞቃት ከሆነ የዳክት ነው። ቀዝቃዛም ብዙም ሆኖ ክፍሉ ካልበረደ፣ ከውጭ የሚገባው ሙቀት በዝቷል። እንደ ቤታችሁ አሠራር ከሆነ የመጀመሪያው ይመስለኛል፣ ከሦስተኛው ትንሽ ተጨምሮበት።

ቤዝመንት ውረዱ

ከፈርነሱ ራስ ላይ አንድ ወፍራም ዳክት ወጥቶ በኮርኒሱ ሥር ይሄዳል። ከሱ ላይ ክብ ቱቦዎች ይገነጠላሉ፤ እያንዳንዱ ወደ አንድ ክፍል ይሄዳል። ቱቦው ከወፍራሙ ዳክት በተገነጠለበት አካባቢ በጎን በኩል ትንሽ እጀታ ፈልጉ። አንዳንዴ የጣት ርዝመት ያላት ቆርቆሮ ናት፣ አንዳንዴ ክንፍ ያላት ብሎን ናት። ዳምፐር የሚባለው እሱ ነው። ውስጡ የቱቦውን አፍ የሚዘጋና የሚከፍት ክብ ቆርቆሮ አለ። እጀታው ከቱቦው ጋር በአንድ አቅጣጫ ከተኛ ክፍት ነው። ቱቦውን አቋርጦ ከቆመ ዝግ ነው።

አንዳንዱ አቧራ ለብሶ አይታይም፤ በእጅ እየዳበሳችሁ ሂዱ። ቤዝመንታችሁ ኮርኒሱ የተሸፈነ ከሆነ የማሽኑ ክፍል ውስጥ የሚታዩትን ያህል ታገኛላችሁ። ላይኛው ፎቅ የሚሄደው ቱቦ ዳምፐሩ ተዘግቶ ቢገኝ አይግረማችሁ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ነገር ነው።

የትኛው ቱቦ የት እንደሚሄድ ለማወቅ አንድ ሰው ላይ ቬንቱ ጋ እጁን ይዞ ይቁም። እናንተ ታች አንዱን ዝጉ። ላይ ያለው “ቆመ” ካለ አገኛችሁት ማለት ነው። በማርከር ቱቦው ላይ ጻፉበት፦ የልጆች ክፍል፣ ትልቁ መኝታ፣ ሳሎን። ልጆቹ ይሄን ሥራ ይወዱታል።

ከዚያ የላይኛውን ፎቅ ሁሉንም ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። የቤዝመንቱን ግማሽ ያህል ዝጉ። የመሃሉን አሁን አትንኩ። አንድ ቀን ጠብቁና እንደገና ለኩ። ካልበቃ ቤዝመንቱን ሌላ ሩብ ጨምሩ፣ ከዚያ የመሃሉን በጥቂቱ። የመሃሉን መቀነስ ሌላ ጥቅምም አለው፦ መሃሉ 74 ለመድረስ ትንሽ ስለሚዘገይ ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ላይኛው ፎቅም ያን ያህል ተጨማሪ አየር ያገኛል። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ብቻ ቀይሩ። ሲስተካከል የእጀታውን ቦታ በማርከር “ሰመር” ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ኦክቶበር ላይ መልሳችሁ ታዞሩታላችሁ።

ዳምፐር ከሌለ ቤዝመንት ያሉትን ቬንቶች በራሳቸው መዝጊያ ግማሽ ድረስ መዝጋት ይቻላል። ትንሽ ያፏጫል እንጂ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። “የማንጠቀምበትን ክፍል ሁሉ ጥርቅም አድርገን እንዝጋ” እንዳትሉ። ብሎወሩ የሚገፋው አየር መውጫ ሲያጣ ዳክቱ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ በኮይሉ ላይ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፣ ኮይሉም በረዶ ይሠራል። ከፈርነሱ ወደ ውጭ በሚሄደው የመዳብ ቱቦ ላይ በረዶ ካያችሁ ኤሲውን አጥፉና ፋኑን ብቻ አብርታችሁ እስኪቀልጥ ጠብቁ። ከዚያ የዘጋችሁትን ክፈቱ፣ ፊልተሩንም እዩ።

ስለ ፊልተር ካነሳን፦ አንድ ኢንች ስስ ፊልተር ገዝታችሁ ሜርቭ 13 የሚል ከሆነ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፊልተሩ ጥቅጥቅ ይላል) አየሩን እያፈነው ሊሆን ይችላል። ለአንድ ኢንች ሜርቭ 8 ይበቃል። በየሁለት ወሩ ቀይሩት። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቤት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ቶሎ።

በሩ ሲዘጋ

ይሄ ብዙ ቴክኒሻን የሚዘለው ነገር ነው። ወደ ክፍል የገባ አየር መውጫ ሊኖረው ይገባል። የ80ዎቹ ታውንሃውስ ብዙ ጊዜ ላይኛው ፎቅ ላይ ኮሪደር ውስጥ አንድ ሪተርን ብቻ ነው ያለው፣ መኝታ ክፍሎቹ ውስጥ የለም። በሩ ክፍት ሲሆን አየሩ ወደ ኮሪደር ወጥቶ ይመለሳል። ልጆቹ በሩን ዘግተው ሲተኙ ያለው ቀዳዳ በበሩ ሥር ያለው ክፍተት ብቻ ነው። ወፍራም ካርፔት ከተነጠፈ እሱም የለም። ክፍሉ ውስጥ አየር ታምቆ ቬንቱን መልሶ ይገፋዋል፣ ቀዝቃዛው አየር ሊገባ አይችልም።

ዕጣኑ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ኤሲው እየሠራ በሩን ዝጉትና ኮሪደር ላይ ሆናችሁ የሚጨሰውን ዕጣን በበሩ ሥር ወለሉ አጠገብ ያዙት። ከጭስ መጠቆሚያው ዳሳሽ ራቅ አድርጉት፣ አለበለዚያ ጎረቤት ይነሳል። ጭሱ ከበሩ በኃይል ወደ ኮሪደሩ ከተገፋ ክፍሉ ታፍኗል። ሌላም መንገድ አለ፦ ላስቲኩን ቬንቱ ላይ በር ተዘግቶ አንድ ጊዜ፣ በር ተከፍቶ አንድ ጊዜ ለኩ። የሰከንዱ ልዩነት ጉልህ ከሆነ ጥፋተኛው በሩ ነው። ቴክኒሻን መሣሪያ ይዞ ሲለካው፣ በር ተዘግቶ በክፍሉና በኮሪደሩ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ3 ፓስካል ባይበልጥ ጥሩ ነው ይባላል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ለጥቂት ሌሊት በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከረዳ በሩን አውርዳችሁ ከሥሩ አንድ ኢንች ያህል ክፍተት እንዲኖረው አስቆርጡት። ድምፅና ብርሃን እንዳይገባ ከፈለጋችሁ ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ በሁለቱም በኩል ፍርግርግ የሚገጠምበት መንገድ አለ፤ በክፍሉ በኩል ከፍ፣ በኮሪደሩ በኩል ዝቅ ተደርጎ ከተገጠመ ድምፁ ይቀንሳል። ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

አንዳንድ ቤት ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ሪተርን አለ፣ ከፍ ያለና ዝቅ ያለ። ካላችሁ በሰመር ዝቅ ያለውን ሸፍናችሁ የላይኛውን ክፈቱ። ሙቁ አየር ያለው ኮርኒሱ ሥር ነው።

የሚያፈስ ዳክት

ኢነርጂ ስታር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም እንደሚለው፣ በተለመደ ቤት ዳክት ውስጥ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በቀዳዳና በላላ መገጣጠሚያ ይባክናል። የእናንተ ፈርነስ ቤዝመንት ስለሆነ የሚባክነው የት እንደሚሄድ ገምቱ። ቤዝመንቱ የሚቀዘቅዘው በቬንቱ ብቻ ላይሆን ይችላል።

በእጃችሁ መዳፍ መገጣጠሚያዎቹን ዳብሱ። እርጥብ እጅ ቶሎ ይሰማዋል። የሚያፈሰውን በማስቲክ ሙሉት፤ በብሩሽ የሚቀባ ወፍራም ማጣበቂያ ነው፣ ሆም ዲፖ በባልዲ ይሸጣል። ለቀጥታ መገጣጠሚያ በአሉሚኒየም የተሠራው ቴፕም ይሆናል። ግራጫውን የጨርቅ ቴፕ ግን ተዉት። በ1998 የሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ብዙ ዓይነት ማሸጊያ ፈትነው፣ ዳክት ላይ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት የከሸፈው እሱ ሆኖ አግኝተውታል። ፈርነሳችሁ አጠገብ ደርቆ የተንጠለጠለ ቴፕ ካያችሁ ያው እሱ ነው።

አቲክ

ዳምፐሩንና በሩን አስተካክላችሁ ላይኛው ፎቅ አሁንም ምሽት ላይ የሚያስቸግር ከሆነ አቲኩን እዩ። ጠዋት በማለዳ ነው የሚወጣው፤ ከሰዓት መውጣት ራስን መጉዳት ነው። እግራችሁን እንጨቱ ላይ ብቻ አሳርፉ፣ በመሃል ያለው ኮርኒስ ነው፣ ይዞአችሁ ይወርዳል።

የወለሉ እንጨቶች ራስ ከኢንሱሌሽኑ (ሙቀት ከሚከላከለው ንጣፍ) በላይ ከታየ ኢንሱሌሽኑ ያንሳል። ዛሬ ለእኛ አካባቢ ቢያንስ አር-49 ቢሆን ይመከራል (አር ሙቀት የመከላከል አቅሙ መለኪያ ነው)፤ በአየር የሚነፋው ዓይነት ከሆነ እንደ ዓይነቱ ከ14 እስከ 18 ኢንች ይወፍራል። የ80ዎቹ ቤት ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው ያለው። ኢንሱሌሽን ከመጨመራችሁ በፊት ግን በመብራቶቹ፣ በባኞ ቤቱ ፋንና በቧንቧ ዙሪያ ያሉት ቀዳዳዎች ይታሸጉ። የአቲኩ መውጫ ክዳንም ብዙ ጊዜ ባዶ ጣውላ ነው፤ ጀርባው ላይ ፎም ይለጠፍበት፣ ዙሪያውን ጎማ ይደረግለት። አቲክ ውስጥ የሚያልፍ ተጣጣፊ ቱቦ ካገኛችሁ፣ የታጠፈ ወይም የተጨፈለቀ መሆኑን እዩ። ላይ ያለው ቬንት ሞቃት አየር የሚያወጣ ከሆነ ምክንያቱ እዚያ ነው።

ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ካላችሁ ፀሐይን ከውጭ ማገድ ከመጋረጃ ይበልጣል። ግን ታውንሃውስ ነው፣ ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) አለ፤ ከውጭ አንዲት ሸራ ለመስቀል የሚጠይቁትን ወረቀት አስቡት። በውስጥ በኩል ነጭ ጀርባ ያለው መጋረጃ ከሰዓት በፊት ይዘጋ። እሱም ለውጥ አለው።

ቴርሞስታቱ፣ ፋኑና ምጣዱ

ቴርሞስታቱ ኪችን አጠገብ ነው አልሽ። እንጀራ የምትጋግሩት እዚያ ከሆነ ይሄን እወቁ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይበላል። ያ በሰዓት ከ5,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ) በላይ ሙቀት ነው። አንድ ቶን ኤሲ 12,000 ቢቲዩ ስለሆነ፣ ምጣዱ ሲግል ከ2.5 ቶን ማሽናችሁ ላይ አንድ ስድስተኛውን ያህል ለብቻው ይወስዳል። እንፋሎቱ ሳይቆጠር ነው። ቴርሞስታቱ ይሄን ሲያይ ቤቱ በሙሉ የሞቀ ይመስለዋል፣ ማሽኑ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ቤዝመንት ያሉት እናትሽ ይበርዳቸዋል። ማለዳ ጋግሩ፣ የምድጃውን ፋን አብሩ። ጋራዥ ያላቸው ሰዎች ምጣዱን ወደዚያ ያወጡታል፣ ትክክል ናቸው።

በተለያየ ክፍል የሚቀመጥ ሴንሰር ያለው ቴርሞስታት ጥሩ ነገር ነው። ማታ ማታ የልጆቹን ክፍል እንዲያይ ታዙታላችሁ። ግን መጀመሪያ አይገዛም። ሴንሰሩ አየር አይጨምርም፤ የልጆቹ ክፍል 75 እስኪሆን ማሽኑን ያስሮጠዋል፣ ያኔ ቤዝመንቱ ፍሪጅ ይሆናል። ዳምፐሩ ከተስተካከለ በኋላ ግን ትልቅ ጥቅም አለው።

ፋኑን “ኦን” ላይ አድርጋችሁ ተዉት የሚልም አለ። አየሩን ያደባልቃል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የእኛ አካባቢ ሰመር እርጥብ ነው። ማሽኑ ቆሞ ፋኑ ብቻ ሲሠራ ኮይሉ ላይ የቀረው ውሃ ተመልሶ ቤት ውስጥ ይበተናል። ቴርሞስታታችሁ በሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያዞር ምርጫ ካለው እሱን ውሰዱ።

3.5 ቶን ቢገባስ?

ይብስባችኋል። አንድ ቶን በደቂቃ ወደ 400 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይፈልጋል። ለ2.5 ቶን 1,000 ነው፣ ለ3.5 ቶን 1,400። ዳክታችሁ ያው የድሮው ነው። በዚያው ቱቦ ያን ሁሉ አየር ልግፋ ሲል ይጮኻል፣ ብሎወሩም ይደክማል። ከዚያም ትልቁ ማሽን መሃለኛውን ፎቅ በደቂቃዎች ውስጥ 74 አድርሶ ይጠፋል። ላይኛው ፎቅ ድርሻውን ሳያገኝ ሥራው ያበቃል። ማሽኑ አጭር አጭር ሲሠራ እርጥበቱንም አያወጣም፤ 74 ሆኖ እንኳ ቆዳችሁ ይጣበቃል።

ቶን የሚወሰነው ማኑዋል ጄ በሚባለው ስሌት ነው። መስኮቱ በየት እንደሚያይ፣ ኢንሱሌሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚኖር ክፍል በክፍል ይሰላል። የመጣው ሰውዬ መስኮት ሳይቆጥርና አቲክ ሳይወጣ “3.5” ካለ፣ ከኪሱ ነው ያወጣው። “የእናንተ ጋዝ ተከልክሏል፣ ስለዚህ ቀይሩ” የሚልም ይመጣል። ከ2025 ጀምሮ አዲስ የሚገጠሙት የቤት ኤሲዎች ከአር-410ኤ ጋዝ ወደ አር-454ቢ እና አር-32 ጋዞች መዞራቸው እውነት ነው። ያላችሁን ማሽን ማስጠገንና መጠቀም ግን አልተከለከለም።

ባለሙያ ስትጠሩ “ኤሲውን እይልን” አትበሉ። “ዳክቱ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክተህ፣ በየክፍሉ የሚደርሰውን አየር ለክተህ ቁጥሩን በጽሑፍ ስጠን” በሉ። አብዛኛው ፈርነስ የተሠራው “0.5 ኢንች ውሃ” ለሚባለው የዳክት ግፊት መጠን ነው፤ የእናንተ ከዚያ በብዙ ከበለጠ የሪተርኑ ጥበት ወይም ፊልተሩ ነው። ይሄን ስትጠይቁት ግራ የሚጋባ ከሆነ ለሌላ ባለሙያ ደውሉ። የሜሪላንድ የኤችቪኤሲአር (የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሥራ) ላይሰንስ ቁጥሩንም ጠይቁ፣ ኢንተርኔት ላይ ማረጋገጥ ይቻላል። የመብራት ድርጅታችሁ ጋም ደውሉ፤ የቤት ኢነርጂ ምርመራ በቅናሽ የሚያሠሩበት ፕሮግራም አላቸውና ስለ ዳክትና ኢንሱሌሽን ድጎማ አብራችሁ ጠይቁ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ላይኛው ፎቅ አሁንም 79፣ 80 ላይ ከቆመ፣ ለትልቁ መኝታ ክፍል ወይም ለልጆቹ ክፍል ብቻ አነስተኛ ሚኒ ስፕሊት ማስገጠም ይቻላል። ዱባይ ወይም ጅዳ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው። ለአንድ ክፍል 9,000 ቢቲዩ በቂ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይተርፋል። የውጪው ማሽን የት እንደሚቀመጥ ግን መጀመሪያ ኤችኦኤውን አስፈቅዱ።

ዛሬ ማታ የምትሠሩት የቤዝመንቱን ዳምፐር መፈለግና የልጆቹን በር ገርበብ አድርጎ መተው ነው። የእናትሽ አልጋ ቬንት ሥር ከሆነም አሁኑኑ አንሱት። በሳምንት ውስጥ የሦስቱን ፎቅ የቬንት ሙቀት፣ የላስቲኩን ሰከንድ በር ተዘግቶና ተከፍቶ፣ እንዲሁም የፊልተሩን ዓይነት ጻፉልኝ። የፈርነሱንና ከሱ የሚወጡትን ቱቦዎች ፎቶ ከጨመራችሁበት የትኛውን ዳምፐር በምን ያህል እንደምታዞሩ ቁርጡን እነግራችኋለሁ።